ማኅሌተ ጽጌ፤ የአበባ ሽታና የመንገድ ፍርሃት

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ እንደሚባሉ፣ በነዚሁ ቀናት የእመቤታችን ከልጅዋ ጋራ ወደ ግብጽ መሰደድ እንደሚታሰብ፣ መደምደሚያውም ኅዳር 6 ቀን የሚውለው የቁስቋም በዓል እንደ ሆነ ለካህናት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ቆሞ ማኅሌቱን የሚሰማው የከተማ ሰው ደጋግሞ የሚያቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «አበባ የደስታ ነው፤ ስደት የፍርሃት ነው፤ ሊቁ ሁለቱን በአንድ ገመድ ያሰራቸው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱን ያልመረመረ ሰው ማኅሌተ ጽጌን ወይ የአበባ መዘርዝር አድርጎ ይሰማዋል፣ ወይ ደግሞ ሰቆቃውን ብቻ ይዞ አበባውን እንደ ሽልማት ጨርቅ ይቆጥረዋል፤ ሁለቱም መጽሐፉን በእኩሌታ መስማት ነው።

ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው አባ ጽጌ ብርሃን እንደ ሆነ፣ የደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያምም በድርሰቱ ተባባሪው እንደ ነበረ በሊቃውንት አፍ ሲነገር የኖረ ነው። አርኬው አምስት ቤት ሆኖ በአንድ ፊደል ይመታል። በአንዱ አርኬ ድንግል ግንድ፣ ልጅዋ አበባ ይሆናሉ፤ በሌላው እርስዋ አበባ፣ እርሱ ፍሬ ይሆናሉ። ይህ መለዋወጥ ላልለመደ ሰሚ መዘበራረቅ ይመስለዋል። ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትር የተናገረውን፣ በኦሪት ዘኍልቍም የአሮን በትር ውሃ ሳይጠጣ እንዴት እንዳበበ የተጻፈውን ያስታወሰ ሰው ግን አይደናገርም። ለቅኔ ተማሪም ይህ ያው የለመደው ነገር ነው፤ አንዱ ሰም ሁለት ወርቅ ሲሸከም፣ አንዱ ወርቅም ሁለት ሰም ሲለብስ በጉባኤው ሲሰማ አድጓል።

በመጽሐፉ ያለው ሁሉ እኩል ነው አንልም፤ እንዲህ ማለት ለሊቁም ክብር አይሆንም። «ጽጌ» የሚለው ቃል ቤቱን ለመሙላት ያህል የገባ የሚመስልባቸው አርኬዎች አሉ። እንዲሁም ከተአምረ ማርያም አንዱን ታሪክ በአንዲት ቃል ጠቅሰው የሚያልፉ አሉ፤ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው እነዚያ ጨለማ ናቸው። የዜማውም ርዝመት ይጨመርበትና ምእመኑ ቃሉን ሳይሰማ ዜማውን ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን የምናነሣው ለነቀፌታ ሳይሆን፣ የመጽሐፉ ኃይል ሌላ ስፍራ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ኃይሉ ያለው አበባውን ለአምስቱ ሕዋሳት ሁሉ በማቅረቡ ነው። ዓይን ነጩንና ቀዩን ቀለም ያያል፤ ሊቃውንቱም ነጩን በመለኮቱ፣ ቀዩን በትስብእቱ ይተረጕሙታል። ምላስ ፍሬውን ይቀምሳል። ጆሮ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ክረምቱ ካለፈ በኋላ በምድር ላይ የተሰማችውን የዋኖስ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ሰሎሞን ያየው አበባ በኢየሩሳሌም ዙሪያ በሚያዝያ ግድም የሚፈነዳው ነው፤ በዚያ አገር ዝናሙ በብርድ ወራት ስለሚዘንም ክረምት የሚያልፈው ያን ጊዜ ነው። ግእዙ ግን «ክረምት» ሲል የሰማው ኢትዮጵያዊ ሐምሌንና ነሐሴን አሰበ፤ አበባውም በመስከረም መጣለት። የትርጕም አጋጣሚ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት አገር ወቅት እንዲስማማ አድርጎታል፤ ማኅሌተ ጽጌም በዚሁ መስማማት ላይ የተተከለ ነው።

እጅም ከዚህ አይቀርም፤ በመጽሐፉ እናት ልጅዋን አቅፋ ደጋግማ ትታያለች፤ አበባ የተባለው የሚታቀፍ ሥጋ ነውና። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚሠራው አፍንጫ ነው። ስለ ምን ቢሉ፦ ማኅሌቱ የሚቆመው በሌሊት ነው። በሌሊት አበባ አይታይም፤ ይሸታል እንጂ። ቀለሙ እስኪነጋ ድረስ ተሸሽጎ ይቆያል፤ ሽታው ግን ጨለማውን ሰንጥቆ ይመጣል። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈው ዮሴፍም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ የወጣው በሌሊት ነው። እንግዲህ የሚሸሸው ሰውና የሚዘምረው ካህን ያሉት በአንድ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ለሁለቱም አበባው የቀረበው በአፍንጫ በኩል ነው። ከላይ ለተጠየቀው ጥያቄ የኛ መልስ ይህ ነው፦ ሊቁ አበባውን ከፍርሃቱ ማረፊያ አድርጎ አላመጣውም፤ በፍርሃቱ ውስጥ ላለ መንገደኛ ስንቅ አድርጎ ሰጠው እንጂ።

ይህን ለመረዳት በግሼ አገር በራቤል አንድ የጥቅምት ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይበቃል። የባቄላ ማሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ አለ። የባቄላ አበባ በቀን ሲያዩት ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጥብ ያለበት ትንሽ ነገር ነው፤ ማንም ከአደይ አበባ ጋራ አያወዳድረውም። በሌሊት ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው እንኳ ሽታውን ሳያገኘው አያልፍም። ከፍ ብሎ ወደ ጓሳው ሲወጣ፣ የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ነውና፣ አበባው ይቀንስና የጦስኝ ሽታ ይተካል፤ እግር ሲረግጠው ይብሳል። ቅጠሉ ከተረገጠ በኋላ ሽታው መበርታቱን ከስደቱ ጋራ ያገናኘ ባለቅኔ እስካሁን አልሰማንም፤ ሰሙ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ስለ ዘመኑ ስምም ጥቂት እንናገር። የዛሬ ወጣት ገጣሚዎች የመስከረምን አበባ «ጸደይ» ይሉታል። የባሕር ማዶ መጻሕፍት የአበባውን ወራት የሚጠሩበትን ቃል መዝገበ ቃላቱ ጸደይ ብሎ ስለሚፈታላቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አደይ አበባ የመፀው እንጂ የጸደይ አይደለም። ይህ ለራቤል ሰው የቃል ጠብ ብቻ አይሆንም። የግሼና የመንዝ ደጋ በልግ የሚያርስ አገር ነው፤ በጸደይ ዝናሙ ከመጣ የበልግ ገብስ አለ፤ ከቀረ ግን የሚከተለው ክረምት ረኃብ ነው። ስለዚህ ደገኛው ሁለት ልምላሜ ያውቃል፤ አንዱን ያሸተዋል፣ ሁለተኛውን ይለምነዋል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ገጣሚ ገበሬውን ሳያነጋግር የጻፈ ነው።

ደግሞ አንዳንድ ጾመኛ አባቶች «አበባ ማሽተት፣ በመስክ መደሰት የሥጋ ነገር ነው» ሲሉ እንሰማለን። ለነዚህ ብዙ መልስ አያሻቸውም። ዕጣኑን ማን አጨሰው? ከበሮውን ማን መታው? ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከሦስት ወፎች እንደ ተማረ የሚተርክ ቤተ ክርስቲያን ጆሮን የሚንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንመለስ። ከማኅሌተ ጽጌ ጋራ ተሰናስሎ የሚባለው ሰቆቃወ ድንግል የመንገዱን ጥምና ድካም፣ የሄሮድስን ሰይፍ፣ ስለ ታረዱት ሕፃናት የሆነውን ልቅሶ ሁሉ ያመጣል። በውስጡ ያለችው እናት የምትሸሽ ሴት ናት፤ ትጠማለች፣ ትደክማለች፣ ታለቅሳለች። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ዛሬ በየዐውደ ምሕረቱ «የፈራ ሰው ያላመነ ሰው ነው» የሚል ስብከት ስለ በዛ ነው። ቃሉ ለጆሮ ያምራል፤ በመጽሐፍ ሲመዘን ግን ይቀላል። ማቴዎስ በዚያው በምዕራፍ 2፣ አርኬላዎስ በአባቱ በሄሮድስ ፈንታ መንገሡን ዮሴፍ በሰማ ጊዜ ወደ ይሁዳ መሄድን እንደ ፈራ ይናገራል። ይህ የሆነው መልአኩ በሕልም «ተመለስ» ካለው በኋላ ነው። ሆኖም ስለ ፍርሃቱ አልተገሠጸም፤ ሌላ ሕልም ተሰጠው፤ ወደ ገሊላም ዞረ። እምነት ያለው ሰው ፈራ፤ ፈርቶም መንገዱን ቀጠለ። ሰቆቃወ ድንግል በሙሉ የዚህ አንድ ቃል ሐተታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የዛሬው ተሳላሚ ወደ ግብጽም ሆነ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው በአይሮፕላን ነው። አያቶቹ በሱዳን በረሃ ወራት የፈጀባቸውን መንገድ እርሱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በ4 ሰዓት ግድም ይጨርሰዋል። ነገር ግን ከራቤል የሚነሡትን ሽማግሌዎችና እናቶች ብትጠይቋቸው ከዘመን ስንቃቸው ወጪ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ያ 4 ሰዓት ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ወንጪት በሚወርደው ገደል አፋፍ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፤ ከፍታ አያስፈራቸውም። በገደሉ ላይ እግራቸው ድንጋዩን ያውቀዋል፤ በሰማይ ላይ ግን እግር የሚያውቀው ነገር የለም። የሚፈሩት ሕዋሳቸው ሥራ በመፍታቱ ነው።

ታሪኩንም ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያዋ አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለች የፈረንሳይ ሥሪት ስትሆን የነዳት ማዬ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ወጥቶ በመደነቅ ተመለከታት። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ከዚያው ሰማይ የጣልያን አይሮፕላን የመርዝ ዝናም በትግራይና በተከዜ ሠራዊት ላይ አዘነመ። በመንዝም በዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ በተባለው ስፍራ፣ አርበኞችና ቤተ ሰቦቻቸው በተጠጉበት ዋሻ ላይ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በትንሣኤ ሰሞን፣ ይኸው የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉት መርዝ ተለቀቀ። ስሙን ያገኘው በሽታው ነው። ጸደይ ገብቶ የበልግ ቡቃያ በሚታይበት ሳምንት ያ ሽታ ወደ ዋሻ ገባ። ይህን ከወላጆቹ የሰማ የመንዝ ሰው የሞተር ድምፅ ከደመና በላይ ሲሰማ አንገቱን ቢደፋ፣ እምነት ጐደለው የሚል ሰባኪ ምን ያህል እንደሚሳሳት ይመርምር።

ከድል በኋላ መልካሙም መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ጕዞ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ጸደይ በገባ በ5ኛው ቀን። የሄደውም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። ድንግል ልጅዋን ታቅፋ ወደ ሸሸችበት አገር ማለት ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 19 ጌታ ወደ ግብጽ የሚገባባትን ፈጣን ደመና ጠቅሷል፤ መተርጕማንም ያችን ደመና ድንግል ማርያም ናት ይላሉ። በአገራችን ትውፊትም ጌታ ከእናቱ ጋራ በደመና ተጭኖ ኢትዮጵያን እንደ ጐበኘ ይተረካል። ይህ ሁሉ ለቅኔ የተከመረ ሀብት ነው። የቅኔ ተማሪዎች ግን ስለ አይሮፕላን ሲቀኙ ብዙዎቹ ወደ ኤልያስ ሠረገላ ይሮጣሉ። ሠረገላው እሳት ነው፣ አይሮፕላኑም በእሳት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰሙ ገጠመ ይላሉ። እኛ ይህን አንወደውም። ኤልያስ አልተመለሰም፤ ተሳፋሪው ግን የሚሳፈረው ለመመለስ ነው። በኤልያስም ልብ ሲወጣ ፍርሃት እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ ፍርሃት በሌለበት ሰም ደግሞ የፈራውን ሰው ወርቅ መሸፈን አይቻልም።

የተሻለው ሰም በቤታችን አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ በገመድ ሲወርዱ ገመዱ ተቈረጠ፤ ያን ጊዜም ስድስት ክንፍ ተሰጣቸው ይላል ገድላቸው። ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ በገመድ የሚወጣበት 15 ሜትር ያህል የቆመ ገደል ነው፤ ያየው ሰው ታሪኩን በእግሩ ጭምር ይረዳዋል። እዚህ ከፍታው አለ፤ የሰው እጅ የገመደው፣ ሰውም የተማመነበት ነገር አለ፤ የተማመኑበትም ሲበጠስ ይታያል። ክንፉ የመጣው ከመበጠሱ በፊት አይደለም። አይሮፕላንም የሰው እጅ የገመደው ነገር ነው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ አየሩ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይህ በየቀኑ የታመነ ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ገመዱ አይበጠስም።

ነገር ግን ተበጥሶ ያየንበት ቀን አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም በቅድስት እሑድ፣ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አይሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የተመረመረው ነገር ስለ ሕዋሳት የምንናገረውን ይነካል። የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከአየሩ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው መሣሪያ ሐሰት ተናገረ፤ ያን የሰማው ሌላው መሣሪያ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው፤ አብራሪዎቹም እየታገሉ ሞቱ። አብራሪ ሲማር መጀመሪያ የሚነገረው ሰውነትህን አትመን የሚል ነው፤ በጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቀው ፈሳሽ በደመና ውስጥ ያስታልና መሣሪያውን እመን ይሉታል። በዚያ ቀን ግን የሳተው መሣሪያው ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሚሳፈር ሰው ቢፈራ ፍርሃቱ ከድንቍርና አልመጣም፤ ምክንያት አለው። እንዲህ ያለውን ሰው «አትፍራ» ብቻ ብሎ መሸኘት ለቈሰለ ሰው ቍስልህን እርሳው እንደ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ማኅሌተ ጽጌ ከስብከቱ ይልቅ ይረዳል እንላለን፤ ፍርሃትን ስለማይክድ። ሊቁ ለሚሸሹት «አደጋ የለም» አላላቸውም፤ ሄሮድስ በሰቆቃው ውስጥ ሰይፉን እንደ መዘዘ ነው። ነገር ግን በዚያ ጨለማ እናቲቱ በክንድዋ ላይ ያለውን አበባ ታሸተዋለች። ዳዊት በመዝሙር 54 ፍርሃትና መንቀጥቀጥ እንደ መጡበት ከተናገረ በኋላ ነው የርግብን ክንፍ የተመኘው፤ ክንፍን ወደ መጽሐፋችን ያመጣው ፍርሃት ነው ማለት ይቻላል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ እናቶች በአይሮፕላኑ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ፣ ከነርሱም አንዳንዷ ከመንደርዋ የቋጠረችውን ጦስኝ ወይም አርቲ አውጥታ ስታሸት፣ መጽሐፉን ከብዙ መምህር ይልቅ ተርጕመውታል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አፍንጫቸውም ራቤል ነው።

ለመሪጌቶቻችን አንድ ነገር ብቻ እናሳስባለን። በአንዳንድ የከተማ አድባራት ሌሊቱ ሲገፋ፣ ቅዳሴው ሲቃረብ፣ ጊዜ ለማትረፍ ሰቆቃው ይቈረጣል ወይም በንባብ ይታለፋል፤ አበባው ግን በዝማሜና በጽፋት ሙሉ ይባላል። የሚቈረጥ ካለ የአበባው አርኬ ይቈረጥ፤ ብዙ ነውና አይጐድልም። የስደቱ አርኬ ግን ሳይነጋ፣ ዓይን አበባውን ገና ሳያየው፣ በጨለማው ይባል።